በገመድ ርቀትን የሚለካ መሣሪያና በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሊሰጥ የሚችለው አገልግሎት

ርቀትን በገመድ መለካት ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መሬት በቃላድ ሲለካ ባለገመዶቹ ከወሰን እስከ ወሰን ይዘረጉት ነበር። ግንበኛውም ግድግዳው መቅናቱን የሚያውቀው በሲባጎና በቱንቢ ነው፤ ጉድጓድ ቆፋሪውም ያወረደውን ገመድ መልሶ ስቦ በክንዱ እየሰፈረ ጥልቀቱን ይናገራል። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ የሚለካው ገመዱ ቢሆንም፣ ልኩን የሚያነበው የሰው ዐይን ነው። ስለዚህ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ወይም ሰው ሊደርስበት በማይችል ሥፍራ፣ ልኩ ሳይታወቅ ይቀራል።

በአሁኑ ዘመን በፋብሪካዎችና በምሕንድስና ሥራዎች የሚገኝ አንድ አነስተኛ መሣሪያ ይህን ጉድለት ያስወግዳል። መሣሪያው ከቀጭን ብረት የተሠራ ገመድ አለው፤ ገመዱ በተሳበ መጠን የተሳበበትን ርዝመት ራሱ ቆጥሮ በኤሌክትሪክ ምልክት ወደ ሩቅ ቦታ ያስተላልፋል። የውኃ ግድብ በር፣ የክሬን ክንድ፣ የሚንሸራተት ተራራ፣ የወንዝ ውኃ ከፍታ፣ እነዚህ ሁሉ በዚህ መሣሪያ ይለካሉ። የመሣሪያውን አሠራርና ድክመቱን ማወቅ ለአስመጪው ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃውን በመንገድ ለሚያጓጉዘውና ፓምፕና የግንባታ ዕቃ ለሚሸጠው ነጋዴም ይጠቅማል፤ ዋጋው አነስተኛ የሆነው መለኪያ ዋጋው ከፍተኛ የሆነውን ንብረት የሚጠብቅ ስለሆነ ነው።

የመሣሪያው አሠራር

የአናጢውን የብረት ሜትር የማያውቅ የለም። ጫፉ ሲሳብ ከቤቱ ይወጣል፤ ሲለቀቅም በውስጡ ያለው ሞላ መልሶ ይጠቀልለዋል። የገመድ መለኪያውም አሠራር ከዚህ ብዙ አይለይም። አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው የማይዝግ ቀጭን የብረት ገመድ ነው፤ ሁለተኛው ገመዱ የሚጠቀለልበት ከበሮ ነው፤ ሦስተኛው ገመዱን ዘወትር ወጥሮ የሚይዘው ሞላ ነው፤ አራተኛው ከከበሮው ዘንግ ጋር ተያይዞ ዙሩን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ክፍል ነው። የመሣሪያው ቤት በማይንቀሳቀስ ሥፍራ ይታሰራል፤ የገመዱ ጫፍ ደግሞ እንቅስቃሴው ሊለካ ከተፈለገው ነገር ጋር ይያያዛል። ያ ነገር ሲርቅ ገመዱ ይሳባል፤ ሲቀርብ ይጠቀለላል፤ ከበሮውም ወዲያና ወዲህ ይዞራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የከበሮው ዙሪያ 20 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ አንድ ሙሉ ዙር ማለት ገመዱ 20 ሳንቲሜትር ተሳበ ማለት ነው፤ ዐሥር ዙር ከሆነ 2 ሜትር ይሆናል። ዙሩን የሚቆጥረው ክፍል አንዱን ዙር በ1,000 ነጥቦች የሚከፍል ከሆነ፣ እያንዳንዱ ነጥብ የሚያመለክተው የ0.2 ሚሊሜትር እንቅስቃሴ ነው። ይህን ያህል ትንሽ እንቅስቃሴ በዐይን ለማየት እጅግ ያስቸግራል።

ዙሩን ወደ ምልክት የሚለውጠው ክፍል በሁለት ዋና ዓይነት ይሠራል። አንደኛው ፖቴንሽዮሜትር ይባላል፤ በራድዮ ላይ ድምፅ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ቁልፍ የዚሁ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ኢንኮደር ሲባል፣ ዙሩን በነጥብ በነጥብ ይቆጥራል። ከመሣሪያው የሚወጣው ምልክት በኢንዱስትሪ ዘንድ በብዛት የሚሠራበት ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሆነው ኤሌክትሪክ ነው። ለምሳሌ የ2 ሜትር መለኪያ ገመዱ ሙሉ በሙሉ ሲጠቀለል 4፣ እስከ መጨረሻው ሲሳብ 20፣ እኩሌታው ሲሳብ 12 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። መነሻው ዜሮ ሳይሆን 4 የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ምልክቱ ፈጽሞ ከጠፋ የኤሌክትሪክ መሥመሩ መበጠሱ ወይም መሣሪያው መበላሸቱ ይታወቃል፤ «ምንም እንቅስቃሴ የለም» ከሚለው ምልክት ጋርም አይምታታም።

መሣሪያው በሰፊው ሥራ ላይ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በአውሮፕላን ሙከራ ነበር፤ መሐንዲሶች በበረራ ጊዜ የክንፍና የጅራት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ምን ያህል እንደሚታጠፉ ለማወቅ ይጠቀሙበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ግንባታ፣ ወደ ወደብና ወደ ሆስፒታል መሣሪያዎች ተዛምቷል። ከጥቂት ሳንቲሜትር ጀምሮ እስከ 50 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚለኩ ዓይነቶች በገበያ ላይ ይገኛሉ።

ከጉና ተራራ የሚወርዱ ወንዞች

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የደጋና የቆላ አገር የተጎራበተባቸው፣ ገደልና ሸለቆ የበዛባቸው ናቸው። በአጠገባቸው ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ቆሟል። ርብና ጉማራ ከዚህ ተራራ ተነሥተው ወደ ምዕራብ በመውረድ የፎገራን ሜዳ አልፈው ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ በደቡብ በኩል ያለው ውኃ ደግሞ በጥልቅ ሸለቆ እየወረደ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ በእነዚህ ደጋዎች የሚዘንበው ዝናብ በታችኛው አገር ባለው ገበሬና ነጋዴ ላይ ጥቅምም ጉዳትም ያመጣል።

በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ሜዳዎች በደረሰው ጎርፍ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጎዳው እርሻ ብቻ አይደለም፤ በመጋዘን የተቀመጠ ሩዝና እህል፣ በሱቅ የተደረደረ ሸቀጥ፣ በመንገድ ላይ ያለ የጭነት መኪና ሁሉ ይጎዳል። ውኃው በላይኛው አገር ምን ያህል ከፍ እንዳለ ቀደም ብሎ ቢታወቅ፣ ጎርፉን ለማስቆም ባይቻል እንኳ ከረጢቱን ከወለል ለማንሣትና መኪናውን ለማዘግየት ጊዜ ይገኛል።

የወንዝን ከፍታ በገመድ መለካት የቆየ ጥበብ ነው። በወንዙ ዳር ከወንዙ ጋር በቧንቧ የተገናኘ ጉድጓድ ይሠራል። በጉድጓዱ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ባዶ ዕቃ በገመድ ይታሰራል፤ ገመዱ በመዘውር ላይ ያልፍና በሌላው ጫፉ ሚዛን ጠባቂ ክብደት ይንጠለጠልበታል። ውኃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይላል፣ መዘውሩም ይዞራል። በቀድሞው አሠራር ከመዘውሩ ጋር የተያያዘ ብዕር በሰዓት ኃይል በሚሽከረከር ወረቀት ላይ መሥመር ይስል ነበር፤ በአሁኑ አሠራር በብዕሩ ፈንታ ኢንኮደር ገብቶ ቁጥሩን ይመዘግባል፣ በስልክ መሥመርም ያስተላልፋል። ሰው ጧትና ማታ ብቻ በሚያነበው የቁጥር ሰሌዳ ላይ ግን፣ ሌሊት መጥቶ ሌሊት የሚያልፈው ደራሽ ጎርፍ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። የደጋ ወንዝ ጠባይም ይኸው ነው፤ በአጭር ሰዓት ሞልቶ በአጭር ሰዓት ይጎድላል።

ልክ ተይዞ የቆየ አገር ምን ጥቅም እንደሚያገኝ የዓባይ ታሪክ ያስረዳል። የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ የዓባይን ተፋሰስ አጥንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1964 አወጣ። በዚያ ጥናት በዓባይ ላይ ለግድብ የሚስማሙ አራት ሥፍራዎች ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ቦርደር ተብለው ተለይተው ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የቆመው ቦርደር በተባለው ሥፍራ አካባቢ ነው። የውኃው ልክ ለብዙ ዓመት ሳይመዘገብ ይህን የመሰለ ሥራ ለማቀድ አይቻልም።

ግድቡ ከተሠራ በኋላም ገመድ መለኪያው ሥራ አያጣም። የግድብ በር ምን ያህል እንደተከፈተ በትክክል ካልታወቀ፣ የሚለቀቀውን ውኃ መጠን ማስላት አይቻልም። በባሕር ዳር አጠገብ ከጣና ሐይቅ የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ 7 በሮች አሉት፤ በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል ያለው የጣና በለስ ጣቢያም ውኃውን የሚያገኘው ከዚሁ ሐይቅ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ባሉ አያሌ ግድቦች የበሩ ከፍታ የሚነበበው ከበሩ ጋር በታሰረ የመለኪያ ገመድ ነው። ምክንያቱም በር የሚያነሣው ሞተር መዞሩ ብቻ በሩ መነሣቱን አያረጋግጥም፤ ገመዱ የሚናገረው ግን ስለ በሩ ስለ ራሱ ነው።

የጉድጓድ ውኃና የፓምፕ ንግድ

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ዝናብ ሲያጥር የሚቸገር ሕዝብ ያለባቸው ወረዳዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር የጉድጓድ ውኃ ብዙ ዋጋ አለው፤ የፓምፕና የቧንቧ ንግድም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

የገመድ መለኪያው የቅርብ ዘመድ የሆነ አንድ መሣሪያ ለዚህ ያገለግላል። ልኩ የተጻፈበት የኤሌክትሪክ ገመድ በእጅ ከሚዞር ከበሮ ላይ እየተፈታ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ በጫፉ ያለው ብረት ውኃ ሲነካ ድምፅ ይሰማል ወይም መብራት ይበራል፤ በዚያች ቅጽበት በጉድጓዱ አፍ ላይ ያለው ቁጥር ይነበባል። መሣሪያው ቀላል ነው፤ የሚያድነው ገንዘብ ግን ቀላል አይደለም።

ለምሳሌ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ውኃው በ30 ሜትር ጥልቀት ይገኝ ይሆናል። ገዢው ይህን ብቻ አይቶ ፓምፑን በ40 ሜትር ላይ ቢያንጠለጥለው የበቃው ይመስለዋል። ነገር ግን ፓምፑ መሳብ ሲጀምር ውኃው እያነሰ ወደ 45 ሜትር የሚወርድ ቢሆን፣ ውኃው ፓምፑ ካለበት በታች ይሸሻል፤ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ገዢው የሚከሰው ዕቃውን የሸጠለትን ነጋዴ ነው፤ ጥፋቱ ግን የፓምፑ ሳይሆን ልኩ ሳይታወቅ መገዛቱ ነው። ስለዚህ ፓምፕ የሚሸጥ ነጋዴ ከመሸጡ በፊት የውኃው ከፍታ በዕረፍት ጊዜና በሚሳብበት ጊዜ ስንት እንደሆነ መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መያዝ ይገባዋል። እንዲህ ያደረገ ነጋዴ ዕቃው ተመልሶ አይመጣበትም፤ ስሙም አይጎድፍም።

የሚንሸራተት መሬትና የንግድ መንገድ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ለጋይንት ዋናው የንግድ በር ነው። ከዋናው መንገድ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄዱትም መንገዶች ዳገትና ቁልቁለት፣ ገደልና ጅረት የበዛባቸው ናቸው። በክረምት ወራት ዝናብ የጠጣ ዳገት ሲናድ መንገድ ይዘጋል፤ መንገድ ሲዘጋም የጨውና የስኳር ዋጋ ይንራል፣ የገበሬው እህል ደግሞ ገዢ አጥቶ ዋጋው ይወድቃል።

የሚናድ መሬት በብዙ ሥፍራ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። በዳገቱ አናት ላይ ስንጥቅ ይታያል፤ ስንጥቁም ቀስ በቀስ ይሰፋል። ይህን መስፋት ለመለካት ከስንጥቁ በላይ በጸናው መሬት ላይ መለኪያው፣ ከስንጥቁ በታች በሚንቀሳቀሰው መሬት ላይ ችካል ይተከልና በሁለቱ መካከል ገመድ ይወጠራል። መሬቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ገመዱ ይሳባል። እንቅስቃሴው አስቀድሞ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ደወል እንዲደወል ወይም ቀይ መብራት እንዲበራ ማድረግ ይቻላል። በጃፓን ይህ ዘዴ ለብዙ ዓመታት ተሠርቶበታል። በኢትዮጵያም በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የዓባይ ሸለቆ፣ ዋናው መንገድ በሚንሸራተተው መሬት ምክንያት በተደጋጋሚ ስለተጎዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት እርዳታ የመሬቱ እንቅስቃሴ በመሣሪያ እየተለካ ተጠንቷል።

ጉዳዩ የንብረት ብቻ አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡና ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ነበሩ። ዳገቱ መንቀሳቀሱን ማቆሙንና አለማቆሙን የሚናገር መለኪያ፣ ለረድኤት የሚሮጡትን ሰዎች ሕይወት ለማዳን ያለው ጥቅም ከዚህ ይታወቃል።

ከእስቴ ወደ ሞጣ የሚሻገረው ነጋዴ ደግሞ ገመድ ምን ማለት እንደሆነ በዓባይ ላይ አይቶታል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሰውም ዕቃም ከግራና ከቀኝ በቆሙ ሰዎች በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ2002 በበጎ አድራጊዎች ተጠገነ፤ ጥገናውን የወንዙ ሙላት ከወሰደው በኋላም በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ መሻገሪያ ተሠርቷል። መሐንዲሶች የማንኛውንም ድልድይ ጽናት ሲፈትኑ ከወለሉ እስከ ታች ባለው ጽኑ ነጥብ ድረስ የመለኪያ ገመድ ይወጥራሉ፤ ከዚያም ጭነት ያሳልፉበታል። ወለሉ በጭነት ጊዜ ምን ያህል እንደወረደ፣ ጭነቱ ካለፈ በኋላም ወደ ቦታው መመለሱን ከገመዱ ያነባሉ። ወደ ቦታው የማይመለስ ድልድይ አደጋ ያለበት መሆኑ ይታወቃል።

በክሬንና በሌሎች መኪናዎች ላይ

ብዙ ነጋዴዎች ይህን መሣሪያ ሳያውቁት አይተውታል። በጎማ ላይ በሚሄድ ክሬን ጎን የክንዱን ርዝመት ተከትሎ የተዘረጋ ቀጭን ገመድና ክብ ሣጥን ይታያል፤ ያ የገመድ መለኪያ ነው። ክሬን የሚያነሣው ክብደት ክንዱ በረዘመ መጠን ይቀንሳል። በ3 ሜትር ርቀት ላይ 10 ቶን የሚያነሣ ክሬን፣ የክንዱ የራሱ ክብደት ሳይታሰብ እንኳ፣ ጭነቱ ወደ 12 ሜትር ሲርቅ ከ2.5 ቶን በላይ ቢያነሣ ሊገለበጥ ይችላል። ክንዱ ምን ያህል እንደወጣ ለአሽከርካሪው የሚነግረው ይህ ገመድ ነው። ገመዱ ተበጥሶ ወይም ሆን ተብሎ ተፈትቶ የሚሠራ ክሬን በጭነቱም በሠራተኞቹም ላይ አደጋ ያመጣል። ያገለገለ ክሬን የሚያስመጣ ወይም የሚከራይ ነጋዴ ይህ መለኪያ መሥራቱን ሳያረጋግጥ ውል መፈረም የለበትም።

በዚህ ዓይነት የፎርክሊፍት ሹካ ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ኮንቴይነር የሚደረድረው መኪና ክንዱን ምን ያህል እንደዘረጋ፣ አስፋልት የሚያነጥፈው ፊኒሸር የሚያነጥፍበት ስፋት ስንት እንደሆነ፣ ጉድጓድ የሚቆፍረው መኪና መሰርሰሪያው ምን ያህል እንደወረደ በገመድ ይለካል። በፋብሪካ ውስጥም የብረት መጫኛ፣ የእንጨት መሰንጠቂያና የፕላስቲክ ማቅለጫ መኪናዎች፣ በሆስፒታልም የራጅ ማንሻ ጠረጴዛዎች በዚሁ መሣሪያ የሚሠሩ አሉ። በሞጆ ደረቅ ወደብ አልፎ ወደ ጋይንት የሚሄድ ዕቃ፣ በመንገዱ ላይ ልካቸው በገመድ በሚጠበቅ ማንሻ መኪናዎች እጅ ማለፉ አይቀርም።

የመሣሪያው ድክመት

ማናቸውም መሣሪያ ልክ አለው፤ ገዢውም ይህን አውቆ መግዛት ይገባዋል።

የመጀመሪያው ድክመት ገመዱ በቀጥታ መሥመር ካልተሳበ የሚያሳስት መሆኑ ነው። 1 ሜትር የወጣው ገመድ ጫፉ ወደ ጎን 10 ሳንቲሜትር ቢዛነፍ፣ ንባቡ ወደ 5 ሚሊሜትር ያህል ይበልጣል።

ሁለተኛው ሙቀትና ብርድ ነው። የማይዝግ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። በደጋ አገር የቀትር ሙቀትና የሌሊት ብርድ ልዩነት 20 ዲግሪ ቢሆን፣ 10 ሜትር የሆነው ገመድ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ይህም መሬቱ ሳይንቀሳቀስ የተንቀሳቀሰ ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ መሬት የሚለካበት ገመድ ኢንቫር ከሚባለው ልዩ ብረት ይሠራል፤ በዚያው የሙቀት ልዩነት 10 ሜትሩ ኢንቫር የሚለወጠው ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው።

ሦስተኛው የአያያዝ ጉዳይ ነው። የተሳበ ገመድ በድንገት ከተለቀቀ ሞላው በኃይል ይጠቀልለዋል፤ ገመዱ ከከበሮው ይወጣል፣ ይተበተባል ወይም ይበጠሳል። መሣሪያው በሥራ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ገና ከሣጥኑ ሲወጣ በማያውቅ እጅ ተስቦ ሲለቀቅም ሊበላሽ ይችላል። ባለሱቅ መሣሪያውን ለደንበኛ ሲያሳይ ይህን ማስታወስ አለበት።

አራተኛው የአካባቢው ሁኔታ ነው። ጭቃ፣ አሸዋና በረዶ ከገመዱ ጋር ወደ ከበሮው ይገባሉ፤ በግጦሽ ሜዳ የተወጠረን ገመድ ከብት ይበጥሰዋል፤ በደጋ አገርም መብረቅ የኤሌክትሪኩን ክፍል ያቃጥለዋል። ስለዚህ ገመዱ የሚያልፍበት ቧንቧ፣ ቆሻሻውን የሚጠርግ ብሩሽ፣ አጥርና የመብረቅ መከላከያ አብረው ሊታሰቡ ይገባል። በሌላ በኩል ግን ገመድ ከብርሃን መለኪያ የሚበልጥበት ሁኔታ አለ፤ በጉና ጭጋግ፣ በሲሚንቶ አቧራ ወይም በእንፋሎት ውስጥ የሌዘር ብርሃን ሲጋረድ፣ የተወጠረ ገመድ ግን ልኩን ይናገራል።

አስመጪው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች

ይህ መሣሪያ የሚገዛው በመልኩ ወይም በዋጋው ርካሽነት ሳይሆን ለታሰበለት ሥራ በመስማማቱ ነው። ስለዚህ አስመጪው ፕሮፎርማ ሲጠይቅ የሚከተሉት በግልጽ እንዲጻፉለት ማድረግ አለበት።

አንደኛ፣ የገመዱ ርዝመት። የሚለካው እንቅስቃሴ 2 ሜትር ከሆነ ልክ 2 ሜትር የሆነውን ሳይሆን ትርፍ ያለውን መምረጥ ይሻላል፤ ከልኩ በላይ የተሳበ ገመድ ይበጠሳልና። እጅግ ረጅሙን መግዛትም ትክክለኛነቱን ያሳንሳል።

ሁለተኛ፣ የምልክቱ ዓይነት። መሣሪያው የሚሰጠው ምልክትና ምልክቱን የሚያነበው መኪና ካልተስማሙ ሁለቱም ደህና ሆነው ሳለ አይሠሩም። አሮጌውን ለመተካት የሚገዛ ከሆነ በአሮጌው ላይ የተጻፈው ሁሉ ተገልብጦ ለላኪው ይላክለት።

ሦስተኛ፣ የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ቮልት። በኢንዱስትሪ የተለመደው 24 ቮልት ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ በማይደርስበት ሥፍራ ለሚተከለው የባትሪና የፀሐይ ኃይል ጉዳይ አብሮ መታሰብ አለበት።

አራተኛ፣ ከአቧራና ከውኃ የመጠበቅ ደረጃው። ይህ «አይፒ» በሚል ምልክትና በሁለት ቁጥር ይገለጻል። 65 የሚለው አቧራ የማያስገባና የሚረጭ ውኃን የሚችል ሲሆን፣ 67 የሚለው ደግሞ በ1 ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየት የሚችል ነው። ለወንዝ ዳር ሥራ አነስተኛውን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

አምስተኛ፣ ስንት ጊዜ ተስቦ መመለስ እንደሚችል። ቀኑን ሙሉ በሚመላለስ የፋብሪካ መኪና ላይ የሚተከለውና በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር በሚንቀሳቀስ ዳገት ላይ የሚተከለው አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

ስድስተኛ፣ መለዋወጫ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያልቀው ገመዱ ነው። ገመዱና ሞላው ለብቻ የሚሸጡ መሆናቸውን፣ በአገር ውስጥ ያለ ባለሙያም ሊለውጣቸው የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሰባተኛ፣ የትክክለኛነት ምስክር ወረቀት። ከፋብሪካው የወጣ የልክ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል፤ ከጊዜ ወደ ጊዜም ልኩ እንደገና መመርመር አለበት። በኢትዮጵያ የመለኪያ መሣሪያዎችን ልክ የማረጋገጥ ኃላፊነት ያለበት የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ነው።

እርግጥ ነው፣ በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ ያለ ባለሱቅ ይህን መሣሪያ ከሳሙናና ከክብሪት ጋር በመደርደሪያው ላይ አያኖረውም። ጥቅሙ ወደ እርሱ የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው፤ ሳይዘጋ በሚከርም መንገድ፣ ሳይቃጠል በሚሠራ ፓምፕ፣ ጭነቱን ሳይጥል በሚያነሣ ክሬን፣ ቀደም ብሎ በሚሰማ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነው። አስመጪው መሣሪያውን ለሥራው ተስማሚ አድርጎ ቢመርጥ፣ ላኪው ዕቃው የሚያልፍበት መንገድና የሚጫንበት መኪና ልካቸው የተጠበቀ መሆኑን ቢጠይቅ፣ ባለሱቁም ፓምፕ ከመሸጡ በፊት የጉድጓዱን ልክ ቢጠይቅ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ገንዘብ ጠበቀ ማለት ነው። ነጋዴ ሳይመዝን እንደማይሸጥ ሁሉ፣ ሳይለካም ሊገዛ አይገባውም።